“አንድም ቀን እንዳታቋርጪ” ከሚለው ምክር ጋር አብሮ ሊነገር የሚገባው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በየዓመቱ በየካቲት መጀመሪያ ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ቀን ታስቦ ይውላል። በዚያ ሰሞን በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን በሽታው እርግማን ወይም የርኩስ መንፈስ ሥራ አለመሆኑ፣ የወደቀ ሰው ክብሪት እንዲያሸት መደረግ እንደሌለበት፣ መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ የሚወስዱ ልጆችም እንደ እኩዮቻቸው ሊማሩና ሊጫወቱ እንደሚችሉ ይነገራል። ይህ ሁሉ ትክክል ነው፤ ሊደጋገምም ይገባዋል። እኔ ግን በመንግሥት ሆስፒታል የመድኃኒት ማደያ መስኮት ላይ ለዓመታት የሠራሁ የፋርማሲ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ በዚህ ትምህርት መካከል ሳይነገር የሚታለፍ አንድ ነገር መኖሩን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያየሁትን ለብቻዬ ይዤ መኖሩም ስለከበደኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ጉዳዩ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሚጀምሩ ልጆች በጥቂቶቹ ላይ የሚደርሰው ከባድ የቆዳ ጉዳት ነው።

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት የሰባት ዓመት ልጇን ይዛ ከገጠር መጥታ ወደ መስኮቴ ቀረበች። ማዘዣው ላይ የተጻፈው ፌኖባርቢታል ነበር። ክኒኖቹን ቆጥሬ በትንሽ የወረቀት ፖስታ ከተትኩ፤ በላዩም “ማታ ማታ 1 ፍሬ” ብዬ ጻፍኩበትና ሁላችንም የምንለውን አልኳት፦ “አንድም ቀን እንዳታቋርጪ፤ ካቋረጥሽ በሽታው ብሶ ይመለሳል።” ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ነበር። እርሷም “አንድም ቀን” ብላ ቃሌን ደግማ አረጋገጠችልኝና ፖስታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አገኘሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ በደረቀ ደም ተሸፍኗል፤ ዓይኖቹ በመግል ተጣብቀው አይገለጡም፤ የጀርባው ቆዳ የፈላ ውኃ እንደፈሰሰበት ተልጦ ከአንሶላው ጋር ተጣብቋል። እናቲቱ ስታየኝ የነጠላዋን ቋጠሮ ፈትታ ፖስታውን ሰጠችኝ። የቀሩትን ክኒኖች ቆጠርኳቸው። ልክ ነበሩ፤ አንድ የጎደለ፣ አንድ የተረፈ አልነበረም። “አንድም ቀን አላጓደልኩም እህቴ” አለችኝ። “አፉ ቆስሎ መዋጥ ሲያቅተው እንኳ አድቅቄ በስኳር ውኃ አጠጣሁት።” ልጁ ትኩሳት ከጀመረው ስድስት ቀን ሆኖት ነበር። በእነዚያ ስድስት ምሽቶች የሚጎዳውን መድኃኒት ያለማቋረጥ ሲወስድ የቆየው እናቱ ምክሬን በታማኝነት ስለፈጸመች ነው።

ሕመሙ ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ይባላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 በአሜሪካ ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ ከባድ የዓይን ሕመምና የሰውነት ሽፍታ የታየባቸውን ሁለት ወንዶች ልጆች ታሪክ መዝግበው ካሳተሙት ሁለት ሐኪሞች ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት በመድኃኒቱ ምክንያት ተሳስተው የራስን ቆዳ፣ እንዲሁም የአፍን፣ የዓይንንና የብልትን ስስ ሽፋን ያጠቃሉ፤ ቆዳውም ሞቶ ከሥሩ ይለያል። የተላጠው ከሰውነት ገጽ ከ10 በመቶ በታች ሲሆን በዚሁ ስም ይጠራል። ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን ግን ቶክሲክ ኢፒደርማል ኔክሮላይሲስ ይባላል፤ በዚህ ደረጃ በአዋቂዎች ዘንድ ከሦስት ሕሙማን አንዱ ገደማ ይሞታል። ልጆች ከአዋቂዎች ይልቅ የመትረፍ ዕድል ቢኖራቸውም፣ ከተረፉት መካከል በዓይናቸው ላይ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ጉዳት የሚቀርባቸው አሉ። ሌላም ዓይነት አለ፤ ፊት ያብጣል፣ የአንገትና የብብት ዕጢዎች ያብጣሉ፣ ትኩሳቱ አይበርድም፣ ጉበትም ይጎዳል። በዚህኛው ቆዳው ላይላጥ ስለሚችል ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይታወቃል።

ይህን ጉዳት ከሚያደርሱት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ዋናዎቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና ላሞትሪጂን ናቸው። በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች በብዛት የምናድለው ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል፣ ብዙ ልጆችንም ከእሳትና ከውኃ አደጋ አትርፏል። ስለዚህ ማንም ይህን ደብዳቤ አንብቦ የልጁን መድኃኒት እንዲጥል አልፈልግም። አደጋው ብርቅ ነው። ለምሳሌ በአውሮፓውያን ዘንድ ካርባማዜፒንን አዲስ ከሚጀምሩ 10,000 ሰዎች በዚህ የሚያዙት ከ1 እስከ 6 ብቻ ናቸው። ላሞትሪጂን ግን በልጆች ላይ ይከብዳል፤ ከሚጀምሩት 1000 ልጆች ከ3 እስከ 8 የሚሆኑት ከባድ ሽፍታ ሊወጣባቸው ይችላል። መጠኑ በፍጥነት ሲጨመር፣ ወይም ልጁ ቫልፕሮኤት የተባለውን ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት እየወሰደ ላሞትሪጂን መጠኑ ሳይቀነስ ሲደረብለት አደጋው ከፍ ይላል፤ ላሞትሪጂን በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ከፍ የሚደረገውም ለዚህ ነው። “ቶሎ እንዲሻለው” ብሎ መጠኑን በራስ ማሳደግ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ወላጆች ሊያውቁት ይገባል።

ጊዜው የታወቀ መሆኑ ሥራችንን ያቀልልናል። ጉዳቱ የሚጀምረው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ውስጥ ነው፤ በብዛትም ከመጀመሪያው ሳምንት ማብቂያ እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ። መድኃኒቱን ለዓመታት ያለ ችግር የወሰደ ልጅ ወላጆች በዚህ ጉዳይ እንቅልፍ የሚያጡበት ምክንያት የለም። ልንጠነቀቅላቸው የሚገባቸው አዲስ የጀመሩትና ወደ ሌላ መድኃኒት የተቀየሩት ናቸው።

የእኛ አገር ችግር የመጀመሪያዎቹ ቀናት የት እንደሚባክኑ ሲታይ ይገለጣል። በሽታው ሲጀምር ገና ቆዳ አይላጥም። ልጁ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ጉሮሮው ይከረክረዋል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ምግብ እምቢ ይላል፣ ከዚያ ከንፈሩ ላይ ቁስል ይወጣል። ይህን ያየች የአገራችን እናት ምን እንደምትል ሁላችንም እናውቃለን፤ “ምች መታው” ትላለች። ዳማከሴ ተቀጥፎ ይታሻል፣ ይሸተታል፣ ላብ እንዲወጣው ይሸፈናል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ሽፍታው ወደ ደረትና ወደ ፊት ሲወርድ ደግሞ ሐሳቧን ወደ ኩፍኝ ታዞራለች። ትኩሳት፣ የቀላ ዓይንና ሽፍታ አንድ ላይ ሲመጡ ሐኪሙም ቢሆን መጀመሪያ የሚያስበው ኩፍኝን ስለሆነ በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። ኩፍኝ የያዘው ልጅ ከቤት መውጣት የለበትም፣ መርፌም አይወጋም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ልጁ ጨለም ባለ ጓዳ ውስጥ ይተኛል። ክኒኑም አንድም ቀን አይጓደልም። ዳማከሴውን አልወቅሰውም፤ እኔም በልጅነቴ የታሸሁበት ነው። የሚጎዳው አዲስ መድኃኒት የጀመረ ልጅ ትኩሳት ምች ተብሎ ሲታለፍ ነው።

በዚህ ላይ የቆዳችን ቀለም አለ። የተማርንባቸው መጻሕፍት ላይ ያሉት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ በነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸው፤ ሽፍታውም “ቀይ” ተብሎ ተገልጿል። በጠይም ወይም በጥቁር ልጅ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ጎልቶ አይታይም፤ የሚታየው ጠቆር ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ነጠብጣብ ነው፤ በኩራዝ ብርሃን ደግሞ ጭራሹን ላይታይ ይችላል። ስለዚህ እናቶችን “ቀይ ሽፍታ ካየሽ” ማለት ብቻ አይበቃም። አፉን ከፍተሽ እይ፣ ዓይኑን እይ፣ ቆዳው ሲነካ ያመዋል ወይ ብለሽ ጠይቂው፣ ሽንቱን ሲሸና ያቃጥለዋል ወይ በይው ማለት ይበልጣል። ቀላል ሽፍታ ያሳክካል፤ ይህኛው ያማል፣ ያቃጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም የሚታየው ነገር ትንሽ ሆኖ ሳለ ሕመሙ ብርቱ ይሆናል።

ይህን ሐሳብ ለሥራ ባልደረቦቼ ሳነሣ ብዙ ጊዜ የምሰማው መልስ አንድ ነው። “ቆዳው ሊላጥ ይችላል ብለሽ ከነገርሻት መድኃኒቱን ጥላ ጠበል ትሄዳለች” ይሉኛል። ስጋታቸው ከምንም የመጣ አይደለም። በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ የሚጥል በሽታ እንዳለበት አሳይቷል፤ ከእነዚያ ሕሙማን መካከል መድኃኒት የሚወስዱት ግን እጅግ ጥቂት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም ዛሬም መድኃኒት ያላገኘው ካገኘው ይበዛል። በብዙ ድካም ወደ ሕክምና የመጣን ቤተሰብ አስፈራርቶ መመለስ ከባድ ጥፋት ነው። ሆኖም በአንድ ቀበሌ ውስጥ የአንድ ልጅ ቆዳ ሳይታሰብ ተልጦ ሲታይ ምን እንደሚሆን እናስብ። ጎረቤቱ ሁሉ “የሐኪም ክኒን ነው ያቃጠለው” ይላል፤ እውነቱንም ነው። በዚያ መንደር ሌሎች ሦስት አራት ልጆች ክኒናቸውን ያቆማሉ፤ ከዚያ በኋላም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትለምን የሚሰማት አይኖርም። አስቀድማ የተነገራት እናት ግን ምልክቱን ስታይ ሐኪሙ የነገራት ነገር እንደመጣ ታውቃለች እንጂ እንደተታለለች አይሰማትም። መድኃኒቱን ጥላ የምትሸሸው ይበልጡን ያልተነገራት ናት። ጠበሉንም ከመድኃኒቱ ጋር አብራ ልትሄድ ትችላለች፤ ማንም አይከለክላትም።

ደግሞስ ይህን ከዚህ በፊት አላደረግነውም ወይ? ኒቪራፒን የኤች.አይ.ቪ. ሕክምናችን ዋና መድኃኒት በነበረበት ዘመን፣ በመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንጀምራለን፣ ሽፍታ ይኖር እንደሆነ በየቀጠሮው እንጠይቃለን፣ ለእያንዳንዱ ታካሚም “ሽፍታ ከትኩሳት ወይም ከአፍ ቁስል ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ና” እንል ነበር። ሠልጥነንበታል፣ ለዚሁ ሥራ የተመደበ አማካሪ ነበረን፣ ግድግዳው ላይም ተለጥፎ ነበር። ሕዝቡ ሰምቶ መድኃኒቱን አልጣለም፤ ማንበብ የማይችሉ እናቶች እንኳ ምልክቶቹን በቃላቸው ይነግሩን ነበር። ለኒቪራፒን ያደረግነውን ለፌኖባርቢታልና ለካርባማዜፒን ለምን እንዳላደረግን ራሴን ስጠይቅ የማገኘው መልስ፣ የሚጥል በሽታ ሕሙማን ያን ያህል ተቆርቋሪ አላገኙም የሚል ነው።

አንዳንድ አንባቢ “በደም ምርመራ አስቀድሞ አይታወቅም ወይ?” ሊል ይችላል። በሌላ ቦታ በከፊል ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታይዋን የተካሄደ ጥናት፣ ካርባማዜፒን ወስደው በዚህ ሕመም የተያዙ ቻይናውያን ኤች.ኤል.ኤ. ቢ 1502 የተባለ የዘር ምልክት እንደነበራቸው አሳየ፤ በ2007ም የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የእስያ ዝርያ ያላቸው ሕሙማን ካርባማዜፒን ከመጀመራቸው በፊት እንዲመረመሩ አሳሰበ። ይህ ምልክት ግን በአፍሪካውያን ዘንድ ብርቅ ስለሆነ ምርመራው ቢመጣልን እንኳ ልጆቻችንን ብዙም አይጠብቅልንም። ባለን አቅም ልጆቹን የሚጠብቃቸው የእናት ዓይንና እኛ በመስኮቱ የምንናገረው ቃል ነው።

ቃሉ ምን ይሁን በሚለው ላይ መጠንቀቅ ያሻል። “ሽፍታ ካየሽ ክኒኑን አቁሚ” ብሎ መልቀቅ አይቻልም፤ በተለይ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ልጁ ሳያባራ በሚደጋገም መንቀጥቀጥ ሊያዝና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ማቆሙ በጤና ተቋም ውስጥ ሆኖ፣ ሐኪሙ ለጊዜው መንቀጥቀጥን በሚያስታግሰው ዳያዜፓም እየጠበቀው፣ ከዚያም ወደ ሌላ መድኃኒት እያሻገረው ሲሆን ነው የሚበጀው። እኔ ዛሬ በየፖስታው ላይ የምጽፈውና ለእያንዳንዷ እናት አንብቤ የማስደግማት ይህ ነው፦ “በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ትኩሳት ከሽፍታ ጋር፣ የአፍ ቁስል ወይም የዓይን መቅላት ከታየ፣ ቀጣዩን ክኒን ከመስጠትዎ በፊት በዚያው ቀን ልጁንና ይህን ፖስታ ይዘው ወደሚቀርብዎ ጤና ተቋም ይሂዱ።” ለመናገር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ግማሽ ደቂቃ አይጠፋም፤ ያን ቀን እኔም አላጣሁትም ነበር።

ልጁ ከዳነ በኋላም የሚቀር ሥራ አለ። ከላይ የጠቀስኳቸው አራቱ መድኃኒቶች በኬሚካላዊ አወቃቀራቸው ስለሚመሳሰሉ፣ በአንዱ የተጎዳ ልጅ በሌላውም የመጎዳት ዕድሉ ሰፊ ነው። ፌኖባርቢታል ያቃጠለውን ልጅ በሌላ ሆስፒታል ያለ ሐኪም ታሪኩን ሳያውቅ ፌኒቶይን ወይም ካርባማዜፒን ቢያዝለት ጥፋቱ የሐኪሙ ብቻ አይደለም፤ ወረቀት ሳንሰጥ የላክነው የእኛም ነው። የወንድሞቹና የእህቶቹም አደጋ ከሌላው ሰው ከፍ ስለሚል እነርሱም መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ይህ ታሪክ መነገር አለበት። ለእንዲህ ያለ ልጅ ቫልፕሮኤት ወይም ሌቬቲራሴታም ይሻላል፤ ቫልፕሮኤት ለሕፃናት ጉበትና ነገ ለሚያረግዙ ሴት ልጆች የራሱ ጣጣ ስላለው ሌቬቲራሴታም በተመረጠ ነበር፤ እርሱ ግን ዋጋው ለብዙ ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም። ጤና ሚኒስቴር ቢያንስ በመድኃኒት ቆዳቸው ለተጎዱ ልጆች ይህ መድኃኒት በመንግሥት ሆስፒታሎች እንዳይጠፋ ቢያደርግ ትልቅ ነገር ነው።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ቃል አለኝ። እንዲህ ያለ ጉዳት ሲገጥም ወደ ኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከው ቢጫ ቅጽ በየፋርማሲው አለ፤ በ8482 ነፃ የስልክ መስመርም ማሳወቅ ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ቅጹ ብዙውን ጊዜ መሳቢያ ውስጥ አቧራ ለብሶ ነው የሚገኘው። አንዳንዶች ያስጠይቀናል ብለው ይፈራሉ፤ ቅጹ ግን ጥፋተኛ የሚፈለግበት አይደለም። ካልጻፍነው በአገራችን ስንት ልጆች እንደሚጎዱ ማንም አያውቅም፤ ካልታወቀ ደግሞ ስለማስጠንቀቂያውም ሆነ ስለ ምትክ መድኃኒቱ ብንጮህ የምንይዘው ማስረጃ አይኖረንም።

ያ ልጅ ተርፏል። ከአንድ ወር በላይ ተኝቶ ቆዳው ተመለሰ፤ የግራ ዓይኑ ሽፋን ግን ከዓይኑ ብሌን ጋር በጠባሳ ተያይዞ ስለነበር የዓይን ሐኪም ቢያላቅቀውም እይታው አልተመለሰም፤ የቀኙም እንባ ስለማያመነጭ በየሰዓቱ ጠብታ ይፈልጋል። ትምህርቱን ቀጥሏል፤ የመስኮት ብርሃን ስለሚያመው ግን በክፍሉ ማዕዘን ላይ ይቀመጣል። የዓይን ሐኪሙ እንደነገረን፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዓይኑ ታይቶና ተክሞ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ላይደርስ ይችል ነበር። ሊወስዳቸው የማይገቡትን መድኃኒቶች ስም ጽፌ የሰጠኋትን ካርድ እናቱ ዛሬም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትይዛለች። በየወሩ መድኃኒቱን ልትወስድ ስትመጣ ሰልፍ ላይ አጠገቧ የቆመችውን እናት “ስለ ሽፍታው ነገሩሽ?” ብላ ትጠይቃለች።

የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ በመጪው የካቲት ስለ ሚጥል በሽታ በምታወጡት ገጽ ላይ፣ ከላይ በፖስታው ላይ እጽፈዋለሁ ያልኩትን ዓረፍተ ነገር በጎላ ፊደል እንድታትሙልን በአክብሮት እጠይቃለሁ። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚታተሙ ጋዜጦችም እንዲሁ ቢያደርጉ መልእክቱ ለብዙ ቤተሰብ ይደርሳል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንዲት የፋርማሲ ባለሙያ